ነፋስ የሚፈትነው ሥራ

መንጠቆው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይረዝም። የማይዝግ ብረት ነው። አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ዓይኖች አሉት፤ ድሮ አምፑል ለማብራት ወደ ታች ይጎተት ከነበረው የዶቃ ሰንሰለት ላይ የተቆረጡ ሁለት ዶቃዎች ናቸው። ገላው ላይ ብርማ ክር ተጠምጥሞበታል። በብርማው ክር ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ሳይደራረብና ሳይራራቅ፣ እስከ አንገቱ ወጥቷል። ከአንገቱ ሥር የተነሣ ነጭ የጥጃ ጭራ ጸጉር የመንጠቆውን ጫፍ ይጋርደዋል። በመጨረሻ የማሰሪያው ክር ጥቂት ጊዜ ዞሮ፣ ተቋጥሮ፣ ጠብታ ማጣበቂያ ተቀብቶ አልቋል። ሁሉም ተደምሮ አንድ ግራም አይሞላም።

ይህን ነገር ያየሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከነጠላና ከጋቢ ክምር መካከል፣ በአንድ የሸማ ሱቅ ባንኮኒ ላይ። ያመጣው ጉለሌ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ ፍሎሪዳ የሚኖር ወዳጄ ነው። ለእናቱ የጥበብ ቀሚስ ሊመርጥ ገብተን ሳለ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ሳጥን አውጥቶ ከፈታት። ውስጧ እንዲህ ያሉ መንጠቆዎች በረድፍ ተሰክተዋል፤ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ የአሸዋ ቀለም ያላቸው። ባለሱቋ የጆሮ ጌጥ መስሏት ዋጋቸውን ጠየቀችው።

ለአንድ ዓሣ ሲባል ሽሪምፕ መስለው እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው። ሽሪምፕ ቢመስሉም የሙያው ሰዎች ሁሉንም በጅምላ ዝንብ ይሏቸዋል፤ ማጥመዱም በዝንብ ማጥመድ ነው።

ዓሣው ቦንፊሽ ይባላል። የሚኖረው በሞቃት ባሕሮች ነው፤ በባሃማስ፣ በፍሎሪዳ፣ በቤሊዝ፣ በሲሸልስ፣ በፓስፊክ መካከል ባለችው የገና ደሴት። ባሕሩ ሲሞላ ከጥልቁ ይወጣና ውሃው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት በሚደርስበት፣ ለብዙ ኪሎ ሜትር በተዘረጋ የአሸዋ ሜዳ ላይ ይሰማራል። አሸዋውን እየጫረ ሽሪምፕና ሸርጣን ይለቅማል፤ ጎሮሮው ውስጥ ባሉ ጠንካራ ጥርሶች ይፈጫቸዋል። ባሕሩ ሲጎድል ተመልሶ ይወርዳል። ቅርፊቱ በዙሪያው ያለውን አሸዋና ሰማይ መልሶ ስለሚያሳይ ክንድ የሚያህል ዓሣ አጠገቡ ቆሞ ሰው ላያየው ይችላል፤ ልምድ ያለው አጥማጅ የሚፈልገው ጥላውን ነው። ባሃማሶች በአሥር ሳንቲማቸው ላይ ሁለት ቦንፊሾች ቀርጸዋል፤ አገር የሚያበላ ዓሣ መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ያን ያህል ሳሳ ባለ ውሃ ውስጥ የሚመገብ ዓሣ ፈሪ ነው። ከላይ ወፍ፣ ከጎን ሻርክና ባራኩዳ ይጠብቁታል። የዘንግ ጥላ፣ የእግር ኮቴ፣ ውሃ ላይ ጧ ብሎ የወደቀ ክር ካየ ወይም ከሰማ በቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ አጥማጁ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ፣ ያቺን አንድ ግራም የማትሞላ ነገር ከዓሣው አፍንጫ አንድና ሁለት ሜትር ቀድማ በዝግታ እንድታርፍ ማድረግ አለበት። በእነዚህ ሜዳዎች ደግሞ ነፋስ የሌለበት ቀን ብርቅ ነው። በጂኦግራፊ ትምህርት የንግድ ነፋስ የምንለው ከምሥራቅ ተነሥቶ፣ ዛፍም ተራራም ሳያግደው፣ ሙሉ ቀን ይነፍሳል። በሰዓት ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ጀማሪ ወደ ጀልባው ይመለሳል። የበሰለው ግን ይቆያል፤ ነፋሱ የውሃውን ፊት አጨማዶ ጥላውንም ድምፁንም ይሸፍንለታልና፣ መወርወሩን ከቻለበት ዓሣው ከወትሮው ቀርቦ ይመጣለታል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የሳጥኗን ዕቃ የማይበት ዓይን ተለወጠ። እያንዳንዱን ክፍል እያነሣሁ ነፋስ ሲመጣ ምኑ ይፈርሳል ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ብዙዎች ስለ ቀለሙና ስለ ዓሣው ምርጫ ያወራሉ። እኔ ግን የሥራው ጥራት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ባለሱቋ ነገሩ ጌጥ አለመሆኑን ስትሰማ «እስቲ አባቴ ይየው» ብላ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው የሽመና ክፍል አስገባችን። አባቷ እንደ ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የጋሞ ደጋ ሰው ናቸው፤ ከጨንቻ ወገን። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳደረጉ መወርወሪያቸውን አሳርፈው መንጠቆውን በሁለት ጣት ተቀበሉና ከበሩ ወደሚገባው ብርሃን አዞሩት። የሚያብረቀርቁትን ዓይኖች አላዩም። ጸጉሩንም አላዩም። ቀጥታ የሄዱት ወደ ማሰሪያው ክር ነው።

«ይሄ ክር ሊበጠስ ሲል ነው የቆመው» አሉ።

ወዳጄ ፊቱ በራ። ዝንብ ማሰር ሲማር መጀመሪያ የተነገረው ይህ ነበር። የማሰሪያው ክር እጅግ ቀጭን ናይሎን ወይም ፖሊስተር ነው፤ ወፍራም ቢሆን ዙሮቹ ተከማችተው መንጠቆውን ያገዝፉታል። ቀጭኑን ክር ላላ አድርጎ የሚያስር ሰው ሥራው ጠረጴዛው ላይ ያምርለታል፤ ነገር ግን ዝንቡ በነፋስ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲወነጨፍ ጸጉሩ ቀስ በቀስ ይዞራል፣ ይመዘዛል፣ ዓይኖቹም ወደ ጎን ይጋደማሉ። ከልኩ በላይ የሚያጠብቀው ደግሞ ክሩን ይበጥስና እስከዚያ የሠራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተረተርበታል። ስለዚህ እጁ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ከመበጠስ አንዲት ፀጉር ዝቅ ብሎ መቆየት አለበት። ክሩ መበጠሻው የት እንደሆነ የሚነግረው መሣሪያ የለም። አንድ ሙሉ ማጠንጠኛ በመበጠስ ነው የሚታወቀው።

ሸማኔው ብርማውን ክር አወቁት። «እኛ ዘንድ ወርቀ ዘቦ አለ፤ ይሄ የብሩ ነው» አሉ። ከዚያ የፕላስቲኩን ጥብጣብ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና «አንዱ ዙር ሸሽቷል» አሉ። እውነትም ከዓይኖቹ ሥር አንዱ ዙር ከሚቀጥለው ለዓይን በማይሞላ ክፍተት ተራርቆ ነበር። ሠሪው ራሱ አላየውም።

«ለመሆኑ ዓሣው ይሄን ያያል እንዴ፣ ልጄ?»

«ዓሣው እንኳ አያይም፣ አባቴ። ግን በዚያች በኩል አሸዋ ይገባና ጥብጣቡን ያላላዋል።»

«እንግዲያው ፈትተህ እንደገና እሰራት» ብለው ወደ ማጋቸው ተመለሱ።

መንጠቆ በላባና በሱፍ ሸፍኖ ዓሣ የማታለል ሐሳብ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ከ1800 ዓመት በፊት ገደማ መቄዶንያውያን በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ የአውራ ዶሮ ላባ ጨምረው እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ያ ሁሉ ግን የወንዝ ሥራ ነበር። ወደ ጨው ባሕር የወረደው በአብዛኛው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። ሽሮ ሜዳ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠችው የዝንብ ዓይነት ክሬዚ ቻርሊ ትባላለች፤ ልደቷም በውል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 ቦብ ናውሃይም የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው በባሃማስ ትልቋ ደሴት በአንድሮስ ከቻርሊ ስሚዝ ጋር ሲያጠምድ ነው የተፈለሰፈችው። ስሚዝ የደሴቲቱ ተወላጅና ስመ ጥር ዓሣ አስጠማጅ ነበር፤ ዝንቧም ስሙን ይዛ ቀርታለች።

የብልሃቷ ሥር ዓይኖቹ ያሉበት ቦታ ነው። ዶቃዎቹ በመንጠቆው ጀርባ ላይ ስለታሰሩ ክብደታቸው መንጠቆውን በውሃ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ጫፉ ወደ ሰማይ ይዞራል። አጥማጁ ክሩን ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ ሲስባት አሸዋው ላይ ትንፏቀቃለች እንጂ ሣርና ድንጋይ አትነክስም። ያ የጥጃ ጭራ ጸጉርም ከጌጥነት ይልቅ ጫፉን ከእንቅፋት ለመጠበቅ የቆመ ነው። አንዲት ክፍል ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ሥራ የሌላት ክፍል የለችም።

ክብደት ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ከሆነ ዶቃው ትንሽና ቀላል መሆን አለበት፤ አለዚያ አወዳደቁ ዓሣውን ያባርራል። ውሃው ጉልበት ከደረሰ ከናስ ወይም ከተንግስተን የተሠራ ከባድ ዓይን ያስፈልጋል፤ ዓሣው ሳያልፍ ታች መድረስ አለበትና። ነፋሱ ሲበረታ ከባዷ ዝንብ ሌላ መዘዝ ታመጣለች፤ በአየር ላይ ወደ ኋላ ስትሄድ አቅጣጫዋን ስታ የወርዋሪውን ማጅራት ትመታለች። ስለዚህ ሳጥኗ ውስጥ አንድ ዓይነት ዝንብ በሦስትና በአራት ክብደት ተደርድሯል፤ ልዩነታቸውን ዓይን ሳይሆን መዳፍ ነው የሚለየው።

ጀማሪ ጸጉር ያበዛል። ይህን እንደ ሕግ መያዝ ይቻላል። የወፈረ ነገር የሚያምር ይመስለዋል፤ በነፋስ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ጸጉር አየር ይዞ ዝንቧን ያስቀራታል፣ ውሃ ላይ ሲደርስም ቶሎ አያሰጥማትም። የዋና ሠሪ እጅ የሚታወቀው ባስቀረው ነው። ወዳጄ ሁለት ክሬዚ ቻርሊዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ፤ አንዷ ከሱቅ የተገዛች፣ አንዷ የራሱ። የሱቋ ጸጉር ከእሱ እጥፍ ይሆናል፤ የማሰሪያዋ ራስም አብጦ የመንጠቆውን ቀዳዳ ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ክር ለማስገባት እዚያች ቀዳዳ ላይ በመርፌ መቆፈር ሊኖርብህ ነው፤ በነፋስ መካከል፣ በረጠበ ጣት።

ይሁንና የሱቅ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚሸጡት ዝንቦች ብዙዎቹ የሚታሰሩት ኬንያ ውስጥ ነው። በናይሮቢና በአካባቢው ባሉ ወርክሾፖች ለአሥርታት ይህን የሚሠሩ እጆች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ከወዳጄ የሚበልጡ እንጂ የሚያንሱ ብዙ አይደሉም። ማሸጊያው ላይ ስማቸው አይጻፍም። ሽሮ ሜዳም ጥበቡን የሸመነው ሰው ስም ቀሚሱ ላይ አይወጣም፤ ይህ ልማድ በሁለቱም ቦታ ያናድደኛል።

ኬንያን ካነሣን፣ የባሌው ትራውት ዓሣም የመጣው ከዚያው ነው። የኛ በዝንብ ማጥመድ ታሪክ ካለ እዚያ ነው ያለው፤ በዲንሾ ዙሪያ፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች። ውሃው ቀዝቃዛና ጨው አልባ፣ ዳርቻውም ጠባብ ነው። ለነፋስና ለሰፊ ውሃ የሚቀርበው ከሸማኔው አገር በታች ያለው ነው፤ ከጨንቻ ደጋ ቁልቁል የሚታዩት አባያና ጫሞ። ጫሞ ውስጥ ጥርሱ እንደ ስሙ የሆነ ነብር ዓሣ አለ፤ ናይሎን ስለሚቆርጥ ዝንቡ ከቀጭን የብረት ሽቦ ጋር ይታሰራል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የሐይቁ ነፋስም ቀላል አይደለም። የጨው ሜዳ ለማግኘት ግን ቀይ ባሕር መድረስ ያስፈልጋል። ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሏት ዳህላክ እስከ 1985 ዓ.ም. በካርታችን ላይ ነበረች። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በሱዳን ጠረፍ ባሉት የኮራል ሜዳዎች፣ ከውጭ የሚመጡ አጥማጆች ጠንካራ ጥርስ ያለውን ትሪገርፊሽ የተባለ ዓሣ በዝንብ ያሳድዱ ነበር።

መወርወሩን ያየሁት በሌላ ቀን እንጦጦ ላይ ነው። ከባሕር ዛፉ ወጣ ያለ ገላጣ ፈልገን፣ ነፋሱ የበጋ ነፋስ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ልምምድ የጨረሱ ሯጮች ቆመው አዩን። ለደኅንነት ሲባል መንጠቆ የለም፤ በክሩ ጫፍ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የሳባ ክር ቁራጭ ታስሯል። ወዳጄ መጀመሪያ ክሩን ሁለት ሁለት ክንድ እየያዘ በሁለት እጁ ለጠጠው። ለሞቃት ባሕር የተሠራ ክር ልባሱ ሙቀት እንዳያለሰልሰው ተብሎ የጠነከረ ነው፤ በእንጦጦ ብርድ ደግሞ ድርቅ ብሎ እንደተጠመጠመ ይቀራል። ሳይለጠጥ ቢወረወር ጥምጥሙ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይይዛል።

ዘንጉ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአራት ቁራጭ ይገጣጠማል። ግራፋይት ነው። ከእሱ በፊት ፋይበርግላስ፣ ከፋይበርግላስም በፊት ከቻይና የመጣ ቀርከሃ ስድስት ቦታ ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ በሙጫ ተጣብቆ ይሠራ ነበር፤ የቀርከሃው ሥራ ለብቻው መጣጥፍ ይወጣዋል። ለባሕር ነፋስ ግን ከባድና ለስላሳ ስለሆነ ግራፋይቱን ማንም አይለውጠውም።

ሌሎች አጥማጆች ክራቸውን የሚያስወነጭፉት ጫፉ ላይ በታሰረ እርሳስ ነው። እዚህ ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ነው፤ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች። የወዳጄ ክር 8 ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 9 ሜትር ያህል ብቻ 13 ግራም ተኩል ይመዝናሉ። ክሩ በአየር ላይ የሚሄደው ታጥፎ ነው። የታችኛው ወገን ከዘንጉ ጫፍ ጋር ቀርቶ የላይኛው ወደፊት ይበራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው እጥፋት እየተንከባለለ ይሄድና መጨረሻ ላይ ይዘረጋል። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በዚህች እጥፋት ነው። የሴት ጸጉር መያዣ ሽቦ መስላ ጠባብ ከሆነች ነፋስ የሚገፋው ገላ አያገኝም። ሰፊ ከሆነች ነፋሱ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ባለችበት ያቆማታል፣ ከዚያም ክሩን ሰብስቦ በወርዋሪው እግር ሥር ይጥለዋል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ በላይ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በቀዝቃዛ ጠዋት ያለፈ የመሰለ ስንፍና ባሕር ላይ አያልፍም፤ እንጦጦ ላይ አየሩ ከጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እንኳ እዚያ በርትቶ ይገፋል።

ጠባብ እጥፋት የሚመጣው የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር ሲሄድ ነው። ዘንግ የሚለመጥ ነገር ነው፤ እጅም በክርን ላይ የሚዞር። ሁለቱ ጠማማ ነገሮች ተደምረው ቀጥ ያለ መስመር እንዲሰጡ ጉልበት በዝግታ ተጀምሮ፣ እያደገ፣ መጨረሻ ላይ በድንገት መቆም አለበት። ወዳጄ የሚቆመው እንዴት እንደሆነ ለማየት ከጎኑ ሄጄ ቆምኩ። የክንዱ እንቅስቃሴ ረጅም አይደለም። ወደ ኋላ ሲያነሣ እጁ ጆሮው ዘንድ ደርሶ ይቆማል፤ ክሩ ከኋላው ተዘርግቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ወደፊት ሲልክ ደግሞ ክንዱ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ አንጓው ይቆልፋል። የዘንጉ ጫፍ ከዚያ በኋላ አይወዛወዝም። ከቆመ በኋላ የሚወዛወዝ ጫፍ እያንዳንዱን ውዝዋዜ ክሩ ላይ ይጽፈዋልና።

ጉልበቱን ቀድሞ የሚጨርስ ሰው የዘንጉን ጫፍ ከመስመሩ በታች ያወርደዋል፤ የላይኛው ክር የታችኛውን አቋርጦ ያልፍና ጫፉ ላይ ያለው ቀጭን ናይሎን ራሱን ይቋጥራል። አጥማጆች ይህን ቋጠሮ በነፋስ ያሳብቡታል። ነፋሱ ግን የለበትም፤ ቋጠሮው የእጅ ሥራ ነው። ነፋሱ ያደረገው ሰውየውን ማስቸኮል ነው። በዚያች ቋጠሮ ላይ የናይሎኑ ጥንካሬ በጣም ስለሚቀንስ፣ ሳያይ ያለፋት ሰው ጥሩ ዓሣ ሲመጣለት ይበጠስበታል። ለዚህ ነው ወዳጄ በየጊዜው ጫፉን በሁለት ጣቱ ከላይ እስከ ታች የሚዳስሰው፤ ባሕርም ላይ፣ እንጦጦም ላይ።

የግራው እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሄድ ክሩን አንዴ ቁልቁል ይስባል፤ መልሶ ይሰጣል፤ ወደፊት ሲሄድ እንደገና ይስባል። እያንዳንዱ ስበት ዘንጉን ይበልጥ ያለምጠዋል፣ ክሩንም ያፈጥነዋል። ይህን ድርብ ስበት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በውድድር ላይ ያሳየውና ያስፋፋው የኦሪገኑ ማርቪን ሄጅ ነው። ጆን ዉልፍ የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1960 በዚህ ስልት 49 ሜትር ወርውራለች፤ ከአብዛኞቹ ወንዶች ያለፈ ርቀት ነው። ጉልበት ሙያውን እንደማይመራው ለመረዳት የእሷን ስም ማወቅ ይበቃል። የቦንፊሽ ሜዳ ደግሞ ያን ያህል ርቀት አይጠይቅም። በነፋስ ውስጥ አሥራ አምስት ሜትር ላይ ሰሃን የምታህል ቦታ መምታት ከአርባ ሜትር ጭፍን ውርወራ ይበልጣል።

ነፋሱ ከፊት ሲመጣ የኋላው ውርወራ ከፍ፣ የፊተኛው ዝቅ ይላል፤ ክሩ ውሃው አጠገብ ይዘረጋና ነፋስ ሳያነሣው ያርፋል። ጫፍ ላይ ያለው ናይሎንም ያጥራል፤ በጸጥታ ቀን ሦስት ሜትር ተኩል የነበረው ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይወርዳል። ከኋላ ሲመጣ ብዙ አያስቸግርም። ከግራ ሲመጣም ክሩን ከሰውየው ያርቀዋል።

ከቀኝ ሲመጣ ነው የእጅ ልዩነት የሚታየው። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ወርዋሪ ያ ነፋስ ክሩን ከነመንጠቆው ወደ ፊቱ ያመጣዋል፤ ሰዎች ጆሯቸውን ወግተዋል፣ ዓይናቸውን ያተረፈላቸው መነጽር ነው። መሃከለኛ ወርዋሪ ዘንጉን በግንባሩ ላይ አጋድሞ በግራ ትከሻው በኩል ይሰዳል። ይሠራል፤ ግን ከእንዲህ ያለ አኳኋን ጉልበትም ትክክለኝነትም ይቀንሳል። ወዳጄ ይህን አንዴ አሳየኝና ተወው። ከዚያ ጀርባውን ለዒላማው ሰጠ። ፊቱን ወደ እንጦጦ ማርያም አቅጣጫ አዙሮ ወረወረ፤ ክሩ ወዲያ ተዘረጋ፤ ወደ ኋላ ሲመልሰው አንገቱን ብቻ ዞር አድርጎ፣ የኋላው ውርወራ ራሱ ማሳረፊያ ሆነ። ነፋሱ አሁን በግራው ነው ያለው፤ ክሩን ከእሱ ያርቃል። የሳባዋ ቁራጭ ሣሩ ላይ ካስቀመጥነው ኮፍያ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብላ፣ ከክሩ ቀድማ ሳይሆን ከክሩ ጋር አረፈች።

ብዙ ሰው የኋላ ውርወራውን ያባክነዋል፤ ስለማያየው ግድ የለውም። በዚህ አወራወር የተደበቀው ወገን ነው ሥራውን የሚያቀርበው። ከሯጮቹ አንዱ «ድገመው» አለ። ደገመው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር።

የቀረው ዓሣው ሲነክስ የሚሆነው ነው፤ እሱን እንጦጦ ላይ ለማሳየት ዓሣ አልነበረም። ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠል ሲለቅሙ ከነበሩት ልጆች አንዱ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፈቃደኛ ሆነ። የክሩን ጫፍ ጨብጦ ቆመ። ወዳጄ ዘንጉን አላነሣም፤ የትራውት አጥማጅ ሁሉ እጁ የሚቸኩለው ወደ ላይ ለማንሣት ነው፤ ቦንፊሽ ላይ ግን ያ መንጠቆውን ከአፉ ያወጣዋል። በግራ እጁ ክሩን ቀጥ አድርጎ፣ ረዘም አድርጎ ሳበ። «አሁን ሩጥ» አለው። ልጁ ቁልቁል ተፈተለከ። እግር ሥር የተበተነው ትርፍ ክር ተራ በተራ እየተነሣ በጣቶቹ ቀለበት ውስጥ አለፈ፤ ጫማ ላይ፣ ቁልፍ ላይ፣ ዘንጉ እጀታ ላይ እንዳይጠመጠም ዓይኑ ዓሣው ላይ ሳይሆን ክሩ ላይ ነበር። የመጨረሻው ጥቅል ሲያልቅ የዘንጉ ማጠንጠኛ መጮህ ጀመረ። እውነተኛ ቦንፊሽ በመጀመሪያ ሩጫው መቶ ሜትር ሊወስድ ይችላል፤ የዚህም ሩጫ ከዚያ ብዙም አላነሰም።

ልጁ እያለከለከ ተመለሰና የክሩን ጫፍ ለወዳጄ ዘረጋለት።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ዓሣ ይሁኑ።»